ያልተነካችው ጃምፐር

ስሟን አጥርተው የሚያውቁት ባሏና የሠራተኛ አስተዳደሩ ብቻ ናቸው። የቀረው ሆስፒታል፣ ከዘበኛው እስከ ዋናው ሐኪም፣ ሁለቴ እያለ ነው የሚጠራት። ሴትየዋ ማንኛውንም ነገር ሁለት ጊዜ ካላየች አታምንማ። በር ቆልፋ ትሄድና ከደረጃው ሥር ተመልሳ እጀታውን ትነቀንቃለች። ደብዳቤ ጽፋ ታሽግና ፖስታውን ቀድዳ እንደገና ታነበዋለች። ባሏ በሄደበት ሁሉ «ላግባሽ ስላት እንኳ እስቲ ድገመው ነው ያለችኝ» እያለ ሰው ያስቅባታል፤ እሷም አብራ ትስቃለች።

ውስጧ ግን አይስቅም። ሁለቴ ፈሪ ናት፤ እውነቱ ይኸው ነው። ጨለማ አትፈራም፣ ውሻም አትፈራም፤ የምትፈራው የገዛ እጇን ነው። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለች ታናሽ ወንድሟን አዝላ ደረጃ ስትወርድ፣ ቋጠሮውን ሳታጠብቅ ቀርታ ልጁ አምልጧት ወደቀ። ግንባሩ ላይ አንዲት ጠባሳ ቀረች እንጂ ሌላ የነካው የለም። ዛሬ የልጆች አባት ሆኖ «ይቺን ማኅተም የመታችብኝ እህቴ ናት» እያለ ይቀልዳል። እናታቸው ያን ቀን አልመታቻትም፣ አልጮኸችባትምም፤ ልጁን ከመሬት አንስታ «አጥብቀሽ አስረሽው ነበር?» ብቻ ነው ያለቻት። ያቺ ጥያቄ አርባ ስድስት ዓመት እስኪሞላት አብራት ኖራለች።

በልብ ሕክምና ክፍሉ ሥር፣ ደረጃው የሚያልቅበት ቦታ ላይ፣ መስኮት የሌላት ጠባብ ክፍል አለች። ሁለቴ የሆስፒታሉን ኮምፒውተሮች አሥራ ዘጠኝ ዓመት የጠገነችው እዚያ ነው። አንድ ረጅም ጠረጴዛ፣ አንገቱ የተጣመመ መብራት፣ ሆዳቸው የተከፈተ ሦስት ኮምፒውተሮች፣ ግድግዳው ላይ የተንጠለጠለ የኬብል መዓት። ጃምፐሮቿን የምታስቀምጠው በባዶ የመድኃኒት ብልቃጥ ነው። ብልቃጡ ላይ «በቀን ሁለት ጊዜ» የሚል የፋርማሲ ጽሑፍ ስላለ፣ ነርሶቹ ለእሷ የታዘዘ ነው እያሉ ይሳሳቁባታል።

ጃምፐር ምን እንደሆነች ለማያውቅ ሰው መናገር ይገባል፤ የዚህ ሁሉ ጣጣ መነሻ እሷ ናትና። በድሮዎቹ ኮምፒውተሮች አንድ ኬብል ላይ ሁለት ሃርድ ዲስክ ሲሰካ፣ የትኛው ዋና የትኛው ተከታይ እንደሆነ መለየት አለበት። በዲስኩ ጀርባ፣ ከኬብሉ መሰኪያ ጎን፣ ጥቃቅን የብረት ፒኖች አሉ። ጃምፐር እነዚያ ፒኖች ላይ የምትደፋ፣ ከምስር ፍሬ ብዙም የማትበልጥ ጥቁር ክዳን ናት። አንደኛው ጥንድ ላይ ሲደፏት ዲስኩ ዋና ይሆናል፤ ሌላው ላይ ሲደፏት ተከታይ። ሦስተኛው ጥንድ ላይ ከተደፋች ግን ነገሩ ለኬብሉ ተተወ ማለት ነው፤ ያኔ ኬብሉ ጫፍ ላይ የተሰካው ዋና፣ መሃሉ ላይ የተሰካው ተከታይ ይሆናል። ሁለቴ ይህን ሦስተኛውን አትወደውም። «ኬብል ምን ዐውቆ ይወስናል» ትላለች።

ከአሮጌ ዲስክ ወደ አዲስ ስትገለብጥ የራሷ ሥርዓት አላት። አሮጌውን በቀይ ፕላስተር ትጠቀልላለች። ጃምፐሯን በወረንጦ ነቅላ የአሮጌውን ዋና ላይ፣ የአዲሱን ተከታይ ላይ ትደፋለች። ቀጥላ ሰው ኖረም አልኖረም ጮክ ብላ «ቀዩ ይሰጣል፣ ባዶው ይቀበላል» ትላለች። ከዚያ ቀዩን ብቻውን አስነስታ፣ ስክሪኑ ላይ የወጣውን ቁጥር ዲስኩ ላይ ከታተመው ጋር ታስተያያለች፤ ታዲያ ሁለት ጊዜ። ይህ ሁሉ ሩብ ሰዓት ይፈጅባታል። ነርሶቹ ተረኛ ሲቀያየሩ «ቀዩ ይሰጣል፣ ባዶው ይቀበላል» እየተባባሉ ቁልፍ ይረካከባሉ፤ ሁለቴም በኮሪደሩ ስታልፍ እንዳልሰማች ትሆናለች።

ያን ቀን ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ የልብ ሐኪሙ አንድ አሮጌ ኮምፒውተር በሁለት እጁ አቅፎ ወረደ። ከኋላው የፎቁ የጽዳት ሠራተኛ መጥረጊያዋን እንደያዘች ተከትላዋለች። ሁለቴ ሴትዮዋን በደንብ ታውቃታለች፤ በየጠዋቱ ክፍሏን የምትጠርግላት እሷ ናት። ስድስት ዓመት የሆናት ልጅ አለቻት፣ ሚጢ ይሏታል፣ ልቧ ላይ ቀዳዳ ያለባት። ሚጢ ለቀዶ ሕክምና ሦስት ዓመት ተራ ስትጠብቅ ኖራ፣ አሁን ከሩቅ የመጣ እንግዳ ቀዶ ሐኪም ሊሠራላት ተስማምቶ ነበር። ሰውየው የመጣው ለአንድ ሳምንት ነው፤ ያ ቀን የመጨረሻው ነው።

«እንግዳው ቀዳዳው በሦስት ዓመት ውስጥ እንዴት እንደተለወጠ ካላየሁ ቢላዋ አላነሳም ብሏል» አለ ሐኪሙ። «የልቧ ምስል ያለው እዚህ ውስጥ ብቻ ነው፤ ይሄ ደግሞ ጠዋት አልነሳም አለ። እስከ ስድስት ሰዓት ካላደረስሽልኝ ተራዋ ለሌላ ልጅ ይሰጣል።»

ሁለቴ ኮምፒውተሩን ከፍታ ዲስኩን አወጣችው። ስታስነሳው ያረጀ የብረት ድምፅ አሰማ፤ ፈጭ ፈጭ እያደረገ ይቆማል፣ እንደገና ይጀምራል። እየሞተ ነው ማለት ነው። ሳይሞት ወደ አዲስ መገልበጥ አለበት። አዲሱን ከማሸጊያው አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረችና እጇን ወደ ቀዩ ፕላስተር ሰደደች።

«ዛሬ እንኳ ዜማውን ብንዘለውስ?» አለ ሐኪሙ። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፤ ሰዓቱን እያየ ነው። «ሰው ፎቅ ላይ እየጠበቀኝ ነው፣ በናትሽ።»

ሁለቴ እፍረት ፊቷን ሲያሞቀው ተሰማት። ሁለት ሰው ቆሞ እያያት ነው፤ እጇም መንቀጥቀጥ ጀምሯል፤ ወረንጦ ከያዘች ያዩባታል። የሁለቱን ዲስኮች ጀርባ አየች። የሁለቱም ጃምፐር ሦስተኛው ላይ ነበረች። እንግዲያ እንደተሠሩ ይሁኑ፣ ምን እነካካለሁ፣ አለች በልቧ። ኬብሉ አጭር ነበር፤ ጫፉ የደረሰላት አዲሱ ዲስክ ጋ ነው፣ እዚያ ሰካችው። መሃሉን አሮጌው ላይ ሰካች። ስክሪኑ «ከአንደኛው ወደ ሁለተኛው ይገልበጥ?» ሲል ይገልበጥ አለችው።

«አየሽ፣ ሲፈጥን እንዴት ያምራል» ብሎ ሐኪሙ ደረጃውን ሮጦ ወጣ። እናትየዋ በሩ አጠገብ ቀረች፤ ሥራ መፍታት ስለማትችል ቀድሞ ንጹሕ የነበረውን ወለል ትጠርግ ጀመር።

ሁለቴ ቁጭ ብላ ስክሪኑ ላይ የምትሄደውን አረንጓዴ መስመር ትመለከታለች። አንድ በመቶ አለ። ሁለት በመቶ። መስመሯ ሳትደናቀፍ ነው የምትሄደው። የታመመ ዲስክ እንዲህ አይሮጥም፤ በየመንገዱ እየቆመ ነው የሚያነበው። ሁለቴ ደስ ሊላት ይገባ ነበር፤ አላላትም። ጎንበስ ብላ ከመስመሯ ሥር በደቃቅ የተጻፈውን የአንደኛውን ዲስክ ቁጥር አነበበች። ከዚያ አዲሱ ዲስክ ላይ የታተመውን አነበበች። አንድ ነው። ደግማ አነበበች፤ ያው ነው።

ነፍስና ሥጋዋ ተላቀቀ። ኬብሉ ጫፍ ላይ የተሰካው፣ አንደኛው፣ አዲሱ ነው። ባዶው እየሰጠ ነው። የሕጻናቱ ልብ ሁሉ ያለበት ዲስክ ላይ ባዶ ነገር እየተጻፈበት ነው። እንዴት እንደተነሳች አታውቅም፤ የኮምፒውተሩን የኤሌክትሪክ ገመድ ከግድግዳው መንጭቃ ስታወጣ ወንበሩ ወደ ኋላ ወደቀ። ስክሪኑ ሲጠፋ መስመሯ አራት በመቶ ላይ ነበረች።

«ምነው እትዬ፣ ምን ሆነ?» አለች እናትየዋ።

ሁለቴ ጠረጴዛውን ይዛ ቆመች። አጥብቀሽ አስረሽው ነበር? አላሰርኩትም፣ አለች በልቧ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አስሬ አስሬ፣ ዛሬ ሰው ሳቀብኝ ብዬ ተውኩት። እናትየዋ ጠጋ ብላ ክንዷን ያዘቻት፣ ያ ደግሞ ባሰባት።

«እህቴ» አለች ሁለቴ፣ «ምስሉን እያጠፋሁት ነበር። ተሳስቼ ነው። አቁሜዋለሁ፣ ግን የጠፋ አለ።»

«የእሷም ጠፋ?»

«አላውቅም።»

እናትየዋ ክንዷን ለቀቀች። አልጮኸችም፣ አላለቀሰችም፤ መጥረጊያውን ግድግዳው ላይ አስደግፋ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። እናትየዋ ብትሰድባት ሁለቴ በወደደች።

ደረጃውን ስትወጣ በየእርከኑ አንድ ሐሳብ እየመጣ ይይዛት ነበር። ዲስኩ ድሮም ታሟል። ሞተብኝ ብትል ማን ይመረምራታል? በሆስፒታሉ ዲስክ ከፍቶ የሚያውቅ ሰው እሷ ብቻ ናት። ሐኪሙን ኮሪደሩ ላይ አገኘችው፤ ፊቷን ገና ሲያይ ራሱ ቀደማት።

«ሞተ፣ አይደል? ጠርጥሬ ነበር። በቃ፣ አትጨነቂ፣ ያንቺ ጥፋት አይደለም። ለእንግዳው ልንገረውና ሌላዋን ልጅ ያዘጋጁ።»

ራሷን መነቅነቅ ብቻ ነበር የሚጠበቅባት። ውሸቱን እንኳ ራሷ መፍጠር አላስፈለጋትም፤ ተዘጋጅቶ ቀርቦላታል። ግን ዲስኩ ሞቷል ከተባለ ማንም አይጠብቅም። ያልሞተ መሆኑን የምታውቀው እሷ ናት፤ ለምን እንዳልሞተ ለመናገር ደግሞ ምን እንዳደረገች መናገር አለባት። ፍርሃቱ አፏን ሊዘጋው ታገላት።

«አልሞተም፣ ዶክተር» አለች። «እኔ ነኝ ያበላሸሁት። አቅጣጫው ተገልብጦብኝ ባዶውን እላዩ ላይ ጻፍኩበት። የጠፋው ግን ከመጀመሪያው ጥቂቱ ነው። የቀረው እዚያው አለ፣ ማውጣት እችላለሁ። ጊዜ ይስጡኝ።»

በኮሪደሩ የሚያልፉ ሁለት ነርሶችም ቆመው ሰሙ።

«አንቺ?» አለ ሐኪሙ። «ሁለቴ?» ከዚያ ግንባሩን በመዳፉ አሻሽቶ ድምፁን ቀነሰ። «እስከ ሰባት ሰዓት ለምኜ አቆየዋለሁ። ከሰባት ሰዓት በኋላ ግን አፌን አልከፍትም።»

ስትመለስ ሦስት ሰዓት ሊሆን ነው። አሮጌውን ዲስክ በቀይ ፕላስተር ጠቀለለችው። ወረንጦውን አንስታ ጃምፐሯን ከሦስተኛው ጥንድ ልትነቅል ስትሞክር እጇ እንቢ አላት፤ ወረንጦው ፒኖቹን እየነካ ይንጣጣል። ፒን ከተጣመመ ሁሉም ነገር አበቃ። በግራ እጇ የቀኙን አንጓ ጨብጣ ነቀለቻት፣ ልትደፋት ስትል ግን ጃምፐሯ ከወረንጦው ተፈናጥራ ጠፋች። ብልቃጡን ብትገለብጠው ያሏት ሁሉ ሰፋፊዎቹ ናቸው፣ ለዚህ ዲስክ ፒን አይሆኑም። ሁለቴ በጉልበቷ ተንበርክካ ወለሉን በመዳፏ ትዳብስ ጀመር፤ እንባዋ ይወርዳል።

«ይተውት እትዬ» አለች እናትየዋ ተነስታ። «የዚህን ክፍል ወለል ከኔ በላይ የሚያውቀው የለም።» ወደ ጠረጴዛው እግር ሄዳ፣ ሲሚንቶው ከተሰነጠቀባት ቦታ ላይ በጥፍሯ ጫፍ አንስታ ሰጠቻት። «የወደቀ ሁሉ እዚህች ጋ ነው የሚገባው።»

ሁለቴ ጃምፐሯን የአሮጌው ዋና ላይ ደፋች። የአዲሱን ተከታይ ላይ አዛወረች። ከዚያ ድምፅዋ እየተቆራረጠ «ቀዩ ይሰጣል፣ ባዶው ይቀበላል» አለች። እናትየዋ ምን እንደሆነ ባታውቅም ቃል በቃል ተቀብላ ደገመችው። ቀዩን ብቻውን አስነሱት። ሁለቴ ከስክሪኑ ቁጥሩን አንድ በአንድ ጠራች፤ እናትየዋ ዲስኩ ላይ ያለውን በጣቷ እየተከተለች «አዎ፣ አዎ» አለች። ደግሞ እንደገና።

መገልበጡ እስከ አምስት ሰዓት ፈጀ፤ አሮጌው በየጊዜው እየቆመ፣ እሷም ትንፋሿን እየያዘች። ከዚያ የጠፋ ነገር የሚፈልገውን ፕሮግራም አዲሱ ላይ ለቀቀችው። አምስት ሰዓት ተኩል ላይ የመጀመሪያው ምስል ወጣ፤ ጥቁርና ነጭ፣ የሚከፈት የሚዘጋ ትንሽ ልብ። ከዚያ ሌላ። ከዚያ በመቶ የሚቆጠሩ። የሁለቴ ደስታ ግን ሙሉ አልሆነም። የስሞቹ ዝርዝር የነበረው ዲስኩ መጀመሪያ ላይ ነው፣ እሱ ጠፍቷል። ልቦቹ ተርፈዋል፣ የማን እንደሆኑ ግን የሚናገር የለም። እያንዳንዱ ምስል ጥግ ላይ ያለው ቀንና ሰዓት ብቻ ነው።

«የመጣችሁበትን ቀን ታስታውሻለሽ?» አለች፤ ከጥያቄም አልቆጠረችውም፣ ሦስት ዓመት ማን ያስታውሳል።

እናትየዋ ከሥራ ልብሷ ኪስ አንድ የተጣጠፈ ፌስታል አወጣች። ውስጡ አሥራ አንድ የቀጠሮ ካርድ ነበር፣ በላስቲክ ማሰሪያ የተያያዘ፣ እያንዳንዱ ላይ እንግዳ ተቀባይዋ ቀኑንና የገቡበትን ሰዓት የጻፈችበት። «ካርድ የጠፋበት ተራውን ያጣል ብለውኛል» አለች። «ስተኛም ከራስጌዬ አይለይም።»

አንዷ ካርድ ስታነብ አንዷ ስትፈልግ፣ አሥራ አንዱንም አገኟቸው። ሁለቴ እያንዳንዱን ሁለት ጊዜ አስተያየች፤ የሌላ ልጅ ልብ ይዛ እንዳትወጣ። ለሰባት ሩብ ጉዳይ ሲል እንግዳው ሐኪም ስክሪኑ ፊት ቆመ። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አየ፣ ሦስተኛውን አስደገመ፣ ከዚያ ለልብ ሐኪሙ «ልጅቷን አምጧት» አለው።

ሁለቱ ሴቶች እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ኮሪደሩ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ሁለቴ በሩ በተነቃነቀ ቁጥር የተሳሳተ ካርድ አንብቤ ይሆን እያለች ክው ትል ነበር። የልብ ሐኪሙ ሲወጣ ጭንብሉን አውርዶ «ደህና ናት» አለ። እናትየዋ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች፣ ሁለቴ ደግሞ ተነስታ ወደ መጸዳጃ ቤት ሄዳ አስመለሰች።

የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደረሳት፤ ተገቢ ነው ብላ ፈረመች። ነርሶቹ መሳሳቃቸውን ተዉ፣ ያ ግን ከሳቁ ይልቅ ከበዳት። የቀሩት ስም የለሽ ልቦች ስድስት መቶ ያህል ነበሩ። የምስሉ ክፍል በር ላይ የድሮ የቀጠሮ ካርድ ያለው ሁሉ ይዞ ይምጣ የሚል ማስታወቂያ ተለጠፈ፤ ሰዉም መምጣት ጀመረ። ሁለቴ ከሥራዋ ጎን ለጎን እያንዳንዱን ካርድ ተቀብላ፣ ልቡን ፈልጋ፣ ስሙን ትመልሳለች። ሚጢ አንዳንድ ቀን ከእናቷ ጋር ወርዳ፣ እዚያው ወለል ላይ ተቀምጣ አሁን ጠባቦቹም የተጨመሩባቸውን ጃምፐሮች በየመጠናቸው ትለያለች።

በአራተኛው ወር አንድ ሽማግሌ መጡ። ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ከመሀረብ ውስጥ አንድ ካርድ ብቻ አወጡ። ሁለቴ ቀኑን ስታይ ወሽመጧ ተቆረጠ። የምስል ማሽኑ ሥራ በጀመረበት ዓመት፣ በሁለተኛው ወር የተጻፈ ነው። የመጀመሪያዎቹ ምስሎች የነበሩት ዲስኩ መጀመሪያ ላይ ነው። ያም ሆኖ ፈለገች፤ ደግማም ፈለገች።

«የልጄ ነው» አሉ ሽማግሌው። «ካረፈች ዘጠኝ ዓመት አለፋት። ያኔ ሐኪሙ ልቧን በስክሪን ሲያሳየን፣ እኔ ፈርቼ ፊቴን አዞርኩ። እናቷ ነበረች ያየችው፤ እሷም አሁን የለችም። ማስታወቂያውን ሰው ነገረኝና እስቲ አንዴ ልየው ብዬ ነው።»

ሁለቴ ያ የደረጃው ሐሳብ ተመልሶ ሲመጣ ተሰማት። ዲስኩ አርጅቶ ነው ብትላቸው አምነው ይሄዳሉ። እጇን ከጠረጴዛው ላይ አነሳች፣ እንዳይታይ አልደበቀችውም፤ እየተንቀጠቀጠ ነው።

«አባቴ፣ እሱ የለም» አለች። «የጠፋው በእኔ እጅ ነው።» ከጃምፐሯ እስከ አራት በመቶው ያለውን ሁሉ፣ ምንም ሳታስቀር ነገረቻቸው። ለማን እንደተቸኮለም ነገረቻቸው።

ሽማግሌው አንገታቸውን ደፍተው ሰሙ።

«ያቺ የተቸኮለላት ልጅስ?» አሉ።

«ድናለች፤ ያቻትና» አለች ሁለቴ።

ወለሉ ላይ ወደተቀመጠችው ሚጢ አየት አደረጉ። ልጅቷ ጃምፐሮቹን እየቆጠረች ነበር፣ ቀና ብላ አየቻቸውና ወደ ቆጠራዋ ተመለሰች። ሽማግሌው ካርዱን መሀረቡ ውስጥ እንደነበረ መልሰው ጠቀለሉት።

«እኔም ያን ቀን ፊቴን ባላዞር አይቼው ነበር» አሉ፣ «ያን ሁሉ ባንቺ ላይ ልጥለው አልችልም፣ ልጄ።»

ሁለቴ ክንዳቸውን ይዛ ደረጃውን አወጣቻቸው። ስትመለስ ወንበሩ ላይ ሌላ ሰው ካርዱን ይዞ ይጠብቃታል። ተቀምጣ ቀኑን ጠየቀችው፤ ነገራት፤ እባክህ አንዴ ድገምልኝ አለችው።